ጥያቄና መልስ፦ ለአንድ ጥያቄ ዘጠና ደቂቃ

ስለ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ውድድሮች የጻፋችሁልኝ በርክታችኋል። ቶሎ የሚያልቁትን ላስቀድም።

አንድ የደሴ ወጣት፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ መወዳደር እችላለሁ ወይ ይላል።

አትችልም። ዩኒቨርሲቲ የገባ አይወዳደርም፤ ዕድሜም ከ20 በታች መሆን አለበት። ታናሽ ካለህ አስጠናው።

ከመርሳ፦ ካልኩሌተር ይፈቀዳል?

አይፈቀድም። ማስመሪያና ኮምፓስ ይበቃል።

አንዲት የኩታበር እናት ደግሞ፣ «ልጅሽ ለዓለም አቀፍ ውድድር ተመርጧል፣ የመመዝገቢያውን ብር በሦስት ቀን ላኪ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደርሷቸው ወይፈን ሊሸጡ ተነሥተዋል።

እናቴ፣ ወይፈኑን ከበረት እንዳያወጡት! በሒሳብ ቢበዛ 6፣ በፊዚክስ 5፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ 4 ተማሪዎችን መርጦ ወደ ኦሊምፒያድ የሚልከው አገር ነው። ልጅዎ ፈተና ሳይቀመጥ ማን መረጠው? መልእክቱን መጀመሪያ ለርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳዩ። ይህን ለወጉ ያህል አልልዎትም፤ እነርሱ ሳያዩት አንድ ብር እንዳይልኩ። ልከው ከሆነም ዛሬውኑ ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

የሐይቁ አባት ደብዳቤ ረጅም ነው። ልጃቸው ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ ሒሳብ ከመቶ መቶ ያመጣል። የድሮ የኦሊምፒያድ ጥያቄ ቢሰጡት አንድ ሰዓት ታግሎ ደብተሩን ወረወረና ተኛ። ጉብዝናው የውሸት ነበር ወይስ ሐኪም ላሳየው ይላሉ።

ጋሼ፣ ሌላ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ ጤና ጣቢያው አለ። እኔን ያሳሰበኝ ከመቶ መቶው ነው። ልጆቻችንን ያስለመድነው ከአራት ምርጫ አንዱን ፈጥነው እንዲያጠቁሩ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ መልስ መቀመጥ ለእነርሱ ውርደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማንያ ላይ የተጀመረው የሒሳብ ኦሊምፒያድ ግን በሁለት ቀን የሚያቀርበው 6 ጥያቄ ብቻ ነው። በየቀኑ ሦስት ጥያቄ፣ አራት ሰዓት ተኩል፤ ለአንዱ ዘጠና ደቂቃ ይደርሳል ማለት ነው። ሜዳሊያ ያላገኘ ተማሪ እንኳ አንዲቷን ጥያቄ አሟልቶ ሠርቶ 7 ነጥብ ካገኘ የክብር ምስጋና ይሰጠዋል። አንዲቷን! የእርስዎ ልጅ ገና በአንድ ሰዓቱ ተረታሁ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ሞስኮ ላይ የቀረበውን የመጀመሪያ ጥያቄ ይስጡት። 2ን በራሱ ደጋግመን አባዝተን ከውጤቱ 1 ብንቀንስ፣ ለ7 ያለ ቀሪ የሚካፈለው መቼ መቼ ነው? 1 ብንጨምርበትስ? ቀመር አይፈልግም። 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ብሎ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ለ7 ሲካፈል የሚተርፈውን ከሥሩ ያኑር፦ 2፣ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1። በየሦስተኛው 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ 1 ሲቀነስ ይካፈላል። 1 ሲጨመር ግን ቀሪው 3፣ 5 ወይም 2 ነው፤ መቼም አይካፈልም። ይህን ዙር ማየት ግማሹ ሥራ ነው። ዙሩ ስለ ምን እንደማይዛባ በጽሑፍ ማስረዳቱ ነው ነጥብ የሚያሰጠው፤ እሱን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ካልመጣለት ነገ ይመለስበት። እርስዎም ይህን ገጽ ይደብቁበት እንጂ አያንብቡለት።

በመጨረሻ፣ የወልድያዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፦ አያቴ «ይህ የወንድ ነገር ነው» ይላሉ፤ ምን ልመልስላቸው?

ማርያም ሚርዛካኒ የምትባል የኢራን ልጅ በዚሁ የሒሳብ ኦሊምፒያድ እ.ኤ.አ. በ1994 ወርቅ ወሰደች፤ በ1995 ደግሞ ከ42 ነጥብ 42 አግኝታ ደገመችው። እ.ኤ.አ. በ2014 ታላቁን የሒሳብ ሽልማት የፊልድስ ሜዳሊያን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከስሟ ጀምሪላቸው፤ በወሎ ማርያም ተብሎ የማይሰማ አያት የለም። ከዚያ ለሒሳብ አስተማሪሽ ንገሪው፤ ክበብ ከሌላችሁ ሦስት ጓደኞችሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ብቻሽን ከሄድሽ «እናያለን» ይልሻል።