መልስ፦ ስኳርና ደም ግፊት ያለባት እናቴ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ዲሲ አካባቢ፣ ልትጎበኘኝ ነው፣ ኢንሹራንስ ያስፈልጋታል? ተራራስ የት ላሳያት?

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ! ኢንሹራንሱን በፍጹም እንዳትተዪው። አሜሪካ ለቱሪስት ቪዛ እንደ ሼንገን (የአውሮፓ ቪዛ) የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንስ አምጡ ስለማትል ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ግን ኢመርጀንሲ ሩም (ድንገተኛ ክፍል) አንዴ ከተገባ የሚመጣው ቢል ያስደነግጣል፣ ያንቺ የስራ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናትን አይሸፍንም። ስትገዢ ዋጋውን ብቻ አትዪ፣ ርካሹ ለእያንዳንዱ ህክምና የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ ቀሪውን ላንቺ ይተወዋል፣ ኮምፕሪሄንሲቭ (ሰፊ ሽፋን ያለው) የሚሉት ይሻላል። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው ስላልሽ ደግሞ "አኪዩት ኦንሴት" የሚለውን ክፍል ደህና አድርገሽ አንብቢው፣ ድንገት ሲብስባቸው እንጂ የተለመደውን ክትትልና መድኃኒት አይሸፍንም፣ በእድሜም ይገድባሉ፣ ስለዚህ ለቆይታቸው የሚበቃ መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣቸው ይዘው ይምጡ።

ተራራውን ደግሞ ዲሲ አካባቢ ነኝ ካልሽ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ውሰጃቸው፣ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ። ከፍሮንት ሮያል ጀምሮ 105 ማይል ነው ግን የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ሙሉውን በአንድ ቀን አትሞክሪው ይደክማሉ፣ 31 ማይል ገደማ ነድተሽ ቶርንተን ጋፕ በሚባለው መውጫ ብትወጪ በቂ ነው። በየመንገዱ መቆሚያ ስላለ ከመኪናው ብዙ ሳይርቁ ሁሉንም ያያሉ፣ ብቻ ተራራው ላይ ይነፍሳል ጋቢ ያዢላቸው። ኦክቶበር ከአጋማሽ በኋላ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን በጣም ነው የሚያምረው፣ ቅዳሜና እሁድ ግን በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ስላለ ከቻልሽ በስራ ቀን ፈቃድ ወስደሽ በጠዋት ሂዱ።