ማዘርቦርድ ከመግዛትህ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ጎን አንብብ

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው የመጣው። ጠያቂው ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር፣ ኤች61 ማዘርቦርድ፣ 8 ጂቢ ራምና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ አለው። «ጋሼ፣ ጌም ስጀምር ጥሩ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስታክ ማድረግ ይጀምራል። አንዳንዴ ጭራሽ ድርግም ይላል። ቁልፉን ብጫነውም ትንሽ ካልቆየ አይነሳም። ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ከነማዘርቦርዱ ቀይረው አሉኝ። ምን ልግዛ?» ይላል። የኬዙን ውስጥና የፓወር ሰፕላዩን (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያድለውን ሳጥን) ጎን ፎቶ አንስቶ ልኳል።

አቦ፣ ብርህን ለጊዜው ኪስህ አቆየው።

ፕሮሰሰር ስላረጀ ድርግም አይልም። አቅም ያነሰው ፕሮሰሰር ጌሙ ከተከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ ነው የሚያዘግመው። ያንተ ግን ሩብ ሰዓት በሰላም ይሰራና ከዚያ ነው የሚለግመው። እሱ የሙቀት ነገር ነው። ድርግም የሚለው ለብቻው ሌላ ችግር ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን እጠረጥራለሁ። ዊንዶውስ ሲበላሽ የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ምን የለ። ትንሽ ካልቆየ አለመነሳቱ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው።

ከሙቀቱ እንጀምር። ፎቶውን አሳድጌ አየሁት። ከፕሮሰሰሩ ፋን አራት እግሮች አንዷ ከቦርዱ ተነስታ ተንጠልጥላለች። ፔስቱ (የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ ፋኑ እንዲያልፍ መሀላቸው የሚቀባው) ሞልቶ ፕሮሰሰሩ በሚቀመጥበት ሶኬት ጠርዝ ፈሷል። ማን እንደሰራልህ አላውቅም፤ ሰውየው ግን ፔስት በበዛ ቁጥር የሚያበርድ መስሎታል። ፋኑን አውልቅ፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በንፁህ ጨርቅ ጥረግ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሀል ላይ ጣል። እግሮቹን በሰያፍ ተራ በተራ ተጫን። ከዚያ ከቦርዱ ጀርባ አራቱም ጫፎች ብቅ ማለታቸውን በጣትህ ዳብስ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

አቧራውንም አራግፍ። የድሬን አቧራ አንተው ታውቀዋለህ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትህ ይዘህ በብሩሽና በትንሽ ብሎወር ይበቃል። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር እንዳታስነፋው፤ ከአየሩ ጋር ውሃ ይተፋበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፓወር ሰፕላይህ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። እሱን ተወው። ከስር ያለችውን ትንሿን ሰንጠረዥ ተመልከት። 3.3 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 12 ቮልት የሚሉ ዓምዶች አሉ። በፎቶህ ላይ 12 ቮልት ከሚለው ስር የተጻፈው 14 አምፔር ነው። 12 ሲባዛ በ14፣ 168 ዋት። ያለህ ይሄው ነው። ፕሮሰሰርህ በስፔኩ 77 ዋት ነው፣ ካርድህ 75። ሁለቱ ብቻ 152 ሆኑ፤ የሚበሉት ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከዚያው ከ12 ቮልቱ ነው። ሀርድ ዲስኩ፣ ፋኖቹና ቦርዱ በቀረችው 16 ዋት ሊብቃቁ ነው? ያውም ፓወሩ አዲስ ሆኖ፣ ክፍሉም ቀዝቅዞ ነው እንዲህ የሚሰራው። እዚህ ከተማ ውጭው 35 ዲግሪ ሲያልፍ ኬዙ ውስጥ ስንት እንደሚደርስ አስበው። ፓወር ሰፕላይ ሲሞቅ አቅሙ ይወርዳል።

ታዲያ 500ው ከየት መጣ? ድሮ ፕሮሰሰር ዋና ምግቡን የሚያገኘው ከ5 ቮልቱ ነበር። በፈረንጆች 2000 ላይ ፔንቲየም 4 ሲመጣ ያቺ አራት ቀዳዳ ያላት የ12 ቮልት ገመድ ለብቻዋ ተጨመረች። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰሩም ካርዱም በ12 ቮልት ነው የሚኖሩት። ርካሽ ፓወር የሚሰሩት ግን 5 ቮልቱንና 3.3 ቮልቱን አወፍረው፣ ሁሉንም ደምረው፣ ትልቅ ቁጥር ይለጥፉልሃል። አንዳንዱማ ቢደመርም 500 አይሞላም። ባጃጅ ላይ «12 ሰው» ብለህ ብትጽፍ ሚኒባስ አይሆንም። ስለዚህ ታይዋን ገበያ ሄድክ ከዚራ፣ ሻጩን «ስንት ዋት ነው?» አትበለው። «12 ቮልቱ ላይ ስንት አምፔር አለው?» በለው። ከ30 አምፔር በታች ከሆነ መልስለት። በእጅህም መዝነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ከመሰለህ ውስጡም ያው ነው። ደህናው ወደድ ይላል፤ ግን ርካሹ ሲቃጠል ቦርድህንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ስትቀይረው ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከጀርባው ቀይ መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን እይ፤ 115 ላይ ሆኖ በእኛ መብራት ብትሰካው ወዲያው ይቃጠላል። አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ስማኝ፦ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን እንዳትከፍት። ለማጽዳትም ቢሆን። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ከተነቀለ በኋላም ቶሎ አይለቅም።

ይሄን ጨርሰህ ጌም ክፈትና ታስክ ማናጀርን (ፕሮሰሰሩና ካርዱ ስንት ፐርሰንት እንደሚሰሩ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) አስጠጋ። ካርዱ 95 እና ከዚያ በላይ ፐርሰንት ከሰራ ችግርህ ፕሮሰሰር አይደለም፣ ቦርድ ብትቀይርም ትርፉ ትንሽ ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ላይ ተሰቅሎ ካርዱ 60 አካባቢ የሚንገላወድ ከሆነ ግን አዎ፣ አንሶሃል። በነገራችን ላይ በፎቶው ላይ ራምህ አንድ ፍሬ ነው። ጎኑ አንድ 8 ጂቢ ዲዲአር3 (ቦርድህ የሚቀበለው የራም ዓይነት) ጨምርበት። ርካሽ ነው፣ ለውጡም ይታያል።

«አይ7-3770 ግዛ፣ ቦርድህ ላይ ይገባል» የሚልህ አይጠፋም። ይገባል፣ 8 ትሬድም (ጎን ለጎን የሚሰራባቸው መስመሮች) አለው። ግን እሱም የፈረንጆች 2012 ስሪት ነው። ኤቪኤክስ2 የሚባለው የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ስብስብ የለውም፤ አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ያለሱ አይከፈቱም። ዊንዶውስ 11ም በደንቡ አይቀበለውም። በጣም በርካሽ ካላገኘኸው ተወው።

የምትቀይር ከሆነ የኢንቴሉን አይ3-12100ኤፍ ከኤች610 ቦርድ ጋር፣ ወይ የኤኤምዲውን ራይዘን 5 5600 ከቢ550 ቦርድ ጋር ያዝ። ለ1050 ቲአይ የመጀመሪያው ይበቃል። ኋላ ካርዱንም የምታሳድግ ከሆነ ሁለተኛውን ውሰድ። አሮጌው ራምህ አይገባም፤ ዲዲአር4 ነው የሚፈልጉት፣ ኤች610 ስትገዛም የዲዲአር4ውን ለይተህ ጠይቅ። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው የስክሪኑን ገመድ ካርዱ ላይ ሰካ፤ ቦርዱ ላይ ሰክቶ «አልበራ አለ» ብሎ የሚመጣ ብዙ ነው። ቢ450 ቦርድ በቅናሽ ካገኘህ ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ለ5600 መታደሱን ሱቁ ውስጥ አብርተው ያሳዩህ።

ያገለገለ የኢንቴል ቦርድ ከሆነ የሶኬቱን ክዳን አስከፍትና በስልክህ መብራት ፒኖቹን በአግድም እያቸው። አንዲት ፒን እንኳ ከሰልፉ ከወጣች አትግዛ። በመርፌ አቃናለሁ የሚልህንም አትመን። ኬዝህ ውስጥ የቦርዱ መቀመጫ ብሎኖች ከአዲሱ ቦርድ ቀዳዳዎች ጋር ይግጠሙ፤ የተረፈች ብሎን ከቦርዱ ስር ከቀረች ሾርት ታደርጋለች። ወደ ኬዙ ከመክተትህ በፊት ቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጠህ አብራው። ከተነሳ ግጠም፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫን፤ ፋይልህን ቀድመህ ቅዳ።

አሮጌውን ፓወር ደግሞ «ምን እንደሆነ ልየው» ብለህ እንዳትፈታው። ብልሽቱ ይገባኛል የሚል ጓደኛም ካለህ አትስጠው። አትክፈቱት ብያለሁ።

የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ፐርሰንት ጌም ላይ እያለህ አንብበህ ላክልኝ፤ ቦርድ ያስፈልግህ አያስፈልግህ ያኔ እነግርሃለሁ።