ሐረማያ ላይ መሪ ለሚከብድህ ወንድም፦ ስካቶላ ጊዳውን ገና አታስነካ

ወንድሜ፣ ድሬ ላይ በአንድ ጣት የሚዞረው መሪ ሐረማያ አድረህ ጠዋት ስትነሳ እንደሚከብድህ፣ የፊት ጎማዎቹም የጎደሉ እንደሚመስሉህ፣ ጋራዥም ስካቶላ ጊዳውን፣ ማለትም የመሪህን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰውን ክፍል፣ «አልቋል፣ ቀይረው» እንዳለህ ጽፈሃል። አቦ እንዳትቀይር! እኔ በዚሁ በሽታ 28,000 ብር ከስሬአለሁ። መኪናህ እንደኔው መሪው በዘይት የሚሠራ ኮሮላ ነው ብዬ ነው የምነግርህ። ቪትዝ ከሆነ መሪው በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ የዘይቱን ነገር ዝለለው፤ የጎማው ግን ላንተም ነው።

1. ጎማ በሙቀቱ አታስለካ። ከሁሉ በላይ ይህን ያዝልኝ፤ የኔ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። 2015 ዓ.ም. ታህሳስ 18 ቀን፣ ለቁልቢ ገብርኤል አምስት ሆነን ልንወጣ ነው። ድሬ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ ዕቃ ስሸምት ውዬ በዚያው ጎሚስታ ጋ ጎራ አልኩ። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ወረቀት የጎማው አየር 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይሁን ይላል፤ መለኪያው 35 አሳየ። ልጁ «በዝቷል፣ መንገድ ላይ ይፈነዳብሃል» ብሎ አራቱንም አስተነፈሰው። አመስግኜ ከፍዬ ሄድኩ። ያ 5 ግን ትርፍ አየር አልነበረም፤ የአስፋልቱና የጉዞው ሙቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ ጎማው ሲበርድ ነው። ብርድ ሲመጣ ደግሞ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረማያ ወደ 2,000 ትጠጋለች፣ ቁልቢ ከዚያም ትበልጣለች። ከፍታው መለኪያውን በ1 ያህል ከፍ ቢያደርገውም የታህሳስ ሌሊት የሚወስደውን አይተካም።

ቁልቢ ደርሰን መኪና ውስጥ አደርን። ሊነጋ ሲል መስታወቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር፤ በመታወቂያዬ ጠርዝ ፍቄ ነው ያየሁት። ሞተር አስነስቼ መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ከኮፈኑ ሥር እንደሚያቃስት ሰው «ኡ...ው» አለ። በሁለት እጄ ታግዬ ነው ያወጣኋት። የፊት ጎማዎቹን ወርጄ አላየሁም፤ ድምፁ ብቻ አስደነገጠኝ። ከንግሥ በኋላ ደንገጎን ስንወርድ መሪውን አዞረዋለሁ፣ መኪናዋ ትንሽ ዘግይታ ትከተላለች፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር እናቴ ከኋላ ገብርኤልን ትጠራለች። ያቺን ቁልቁለት አምስት ሰው ጭኜ በጎደለ ጎማ መውረዴን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

2. ኮፈን ሳይከፍት የሚፈርድ መካኒክ አትመን። ድሬ ስንደርስ የመሪው ዘይት ሞቋል፣ ድምፁ የለም። ያም ሆኖ በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱ ጎማውን ግራ ቀኝ ወዘወዘና «ስካቶላ ጊዳ ነው» አለ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ያገለገለ ዕቃ ራሱ አመጣ፣ ገጠመ፣ ከነእጁ 28,000 ተቀበለኝ። አሮጌውን ስጠኝ አላልኩትም።

ጥር ላይ ለሠርግ ሐረማያ አደርኩ። ጠዋት ያው ማቃሰት፣ ያው ክብደት! አወዳይ ላይ ቆሜ ስበሳጭ በጅቡቲ መስመር ስንት ዘመን የነዱ አንድ ጋሼ ከከባድ መኪናቸው ወርደው መጡ። ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን መለኪያ አወጡ። ግራ ፊት 24፣ ቀኝ ፊት 23። ቀጥለው ኮፈኑን አስከፈቱኝና የመሪውን ዘይት ዕቃ ክዳን ፈተው ጣታቸውን ነከሩ፣ በሶፍት ጠረጉት። ሶፍቱ ጠቆረ፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ቀይ መሆን ነበረበት። በብርድ እንደ ማር ይወፍራል፣ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ የምትሰማው እሱን ነው» አሉኝ። ልኩም ከመስመሩ በታች ነበር። ለቀዝቃዛና ለሙቅ የተለያየ መስመር አለው፣ ጠዋት የምታየው የቀዝቃዛውን ነው። ዘይት ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ አረፋ ካየህ እሱ ነው።

በሁለት ሊትር ኤቲኤፍ (ቀዩ የመሪ ዘይት) ታጥቦ ተቀየረ፤ ለጎማው አየር ደግሞ 40 ብር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ታህሳስ አልፏል፣ መሪዬ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ወደ ጋራዡ ተመልሼ ባስረዳ ባለቤቱ ሰው ፊት «መኪና ልታስተምረን ነው? ሥራ አታስፈታን» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አሮጌው ስካቶላ ጊዳ የት እንዳለ ስጠይቅ ማንም አልመለሰልኝም። ጤነኛ ነበር፣ ሌላ መኪና ላይ እየሠራ እንደሚሆን አልጠራጠርም። አንተ የሚፈታ ነገር ካለ አሮጌውን ተቀብለህ ሻንጣህ ውስጥ አስገባ፤ ካስገባህ በኋላ ክፈል።

ዘይት ስታስሞላ ደግሞ የፍሬን ዘይት እንዳይጨምሩብህ ቆመህ እይ፤ ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) ይበላዋል። ጠዋትም መሪውን እስከ ጥጉ አዙረህ አትያዘው፣ ፓምፑን ይገድለዋል። ሞተሩ ትንሽ ይሙቅ፣ ቀስ ብለህ ውጣ።

3. የጎማውን ዕድሜ እይ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2318 ካለ በፈረንጅ 2018፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የድሬ ፀሐይ ጎማ ያደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ በቀጭን ስንጥቅ የተሞላ ስንት አለ! እንዲህ ያለው በብርድ ይባስ ይደርቃል፣ አስፋልት አይቆነጥጥም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ሐረማያ ስታድር፣ ሞተር ሳታስነሳ አራቱንም ለካ፤ ከወረቀቱ በታች ከሆነ እዚያው በብርዱ ሙላው። ድሬ ስትወርድ ቁጥሩ ቢጨምር አታስተነፍስ። ከዚያ ክዳኑን ፍተህ ዘይቱን በነጭ ሶፍት እየው። አየሩ ተስተካክሎ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ ሞተሩም ሞቆ መሪው አሁንም ከከበደህ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጊያና ፓምፑን አስፈትሽ፤ ስካቶላ ጊዳ የመጨረሻው ነው። የለካኸውን ቁጥርና የዘይቱን ቀለም እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።