ከፎገራ ሜዳ ላይ ለጂኦግራፊ ምሩቅ ምን ሥራ አለ?

ጠያቂዋ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ፣ ወረታ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። ባለፈው ዓመት በጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ተመርቃለች። «ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጂኦግራፈር የሚል መደብ አይቼ አላውቅም» ትላለች። ቤተሰብ አካውንቲንግ እንደገና ተማሪ ይላታል። ደብዳቤዋን የዘጋችው እንዲህ ብላ ነው፦ «አገሬ ሜዳ ነው፤ ማዕድን የለው፣ ተራራ የለው፣ ምኑን ነው የማጠናው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ማዕድን የለም ካልሽ፣ በበጋ ወደ ጉማራ ወይ ወደ ርብ ወንዝ ወረድ በይና አሸዋ የሚጭኑትን መኪኖች እዪ። አሸዋው ለኮንስትራክሽን ገንዘብ ነው። በክረምት ግን ከጣና ወጥተው ዕንቁላል የሚጥሉት ዓሦች የሚሄዱት በእነዚሁ ወንዞች ነው። ወንዙ ሲቆፈርና ሲታጠፍ መንገዳቸው ይበላሻል። አሸዋው የት ይውጣ፣ የት ይቅር የሚለው ጥያቄ የአንቺ ሙያ ነው።

ሜዳውም ዝም ብሎ ሜዳ አይደለም። ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ ደለል ተሸክመው ይወርዱና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሬቱ ሲተኛላቸው ያራግፉታል። ያ ጥቁር ዋልካ ውሃ አይለቅም። ድሮ ለከብት ካልሆነ ለብዙ ነገር የማይመች ረግረግ ነበር፤ በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላምም የዚያ ግጦሽ ልጅ ናት። በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ተፈላጊ ሆነ። ኤክስ-ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው እዚያው ጅግና ከሚባለው ቦታ ነው። ሩዙ ሲነሳ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ የውሃ ሞተር ያለው ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል።

ይህ ሁሉ ግን በነጻ አልመጣም። ግጦሹ ጠበበ። ወፎች የሚያርፉባቸው የሸሸርና የወላላ ረግረጎች እየተጠነፈፉ ታረሱ። በጣና ዳር እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም አለ። አየሽ፣ የሚጠናው ሞልቷል፤ ችግሩ ከየትኛው ልጀምር ነው።

እኔ ብሆን ከጎርፉ እጀምራለሁ። ፎገራ ላይ ግማሽ ሜትር የከፍታ ልዩነት ማን ሽንኩርት እንደሚተክል፣ የማን ቤት ውሃ እንደሚገባው ይወስናል። ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርደው የከፍታ መረጃ ግን ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ካርታ ሁሉንም መሬት አንድ ዓይነት አድርጎ ያሳይሻል። ቀበሌሽ ውስጥ ያሉ አባቶችን ጠይቂ። «በ1998ቱ ጎርፍ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» በያቸው። የግድግዳውን ምልክት በእጃቸው ያሳዩሻል። ያንን ለኪ፣ ቦታውን በስልክሽ መዝግቢ።

ከዚያ ሳተላይቱን ጨምሪበት። ሴንቲኔል-2 የሚባለው ሳተላይት እንደ ፎቶ ስለሚያነሳ ጥሩ ነው፣ ግን ክረምት ላይ ደመናው አያሳየውም። ሴንቲኔል-1 ራዳር ስለሆነ ደመና አይበግረውም፤ የተኛ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ሩዙ ቁመት ካወጣ በኋላ ውሃውን ይሸፍነዋል፣ ራዳሩም ይሳሳታል። የአባቶች ምልክት የሚጠቅምሽ ያኔ ነው። ሁለቱም ምስሎች ነጻ ናቸው፣ ካርታ መሥሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ኪውጂአይኤስም እንደዚሁ። የአንድ ቀበሌ ካርታ ይበቃል። ወደ መስክ የምትወጪው ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተሽ፣ ለቀበሌውም ነግረሽ ይሁን።

ካርታውን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ደጅሽ ላይ ነው። የወረዳው ግብርናና መሬት አስተዳደር አሉ። ባሕር ዳር ደግሞ የመስኖ ጥናትና ዲዛይን የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካርታ አይቶ ወዲያው የሚቀጥርሽ መሥሪያ ቤት የለም። የመንግሥት ቅጥር በማስታወቂያና በውድድር ነው፣ ደሞዙም የሚያኮራ አይደለም። ተመራማሪዎችና ፕሮጀክቶች ግን በየጊዜው መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ። በቀን ሒሳብ የሚከፈል ሥራ ነው። አትናቂው፤ ሰው የሚያውቅሽ እዚያ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ፣ ገበሬው የሚያምነው፣ ካርታም የሚያነብ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ማስተርሱ ይቆይ። አንድ ጥያቄ መስክ ላይ ካገኘሽ በኋላ ብትገቢ መመረቂያ ጽሑፍሽ በእጅሽ ይሆናል። የሁለት ሳምንት የጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራት) ሰርተፊኬት ላይም ብር አታፍስሺ።

አካውንቲንጉን በተመለከተ ቤተሰብሽ የሚያወሩት ከንቱ አይደለም። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹም የሒሳብ ሰው ይፈልጋሉ። ግን እንደገና ዲግሪ ከምትጀምሪ፣ መሠረታዊ የሒሳብ አያያዝ በማታ ተማሪና እየሠራሽ ካርታሽን ቀጥይ። ለእናትሽም «ሁለቱንም እየሞከርኩ ነው» ማለት ይቀላል።

ሲቪሽን አይቼዋለሁ። «ጂአይኤስ እችላለሁ» የሚለውን መስመር አውጪው፤ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ካርታው ሲያልቅ በቦታው የቀበሌውን ስም፣ ክረምቱን፣ ስንት ቤት እንደለካሽ ጻፊና መልሰሽ ላኪልኝ።