መልስ፦ እናቴ ኤናላፕሪል እየወሰዱ ድንችና ባቄላ ይብሉ ወይ?

እህቴ፣ እናትሽ ደብረ ብርሃን ሆነው ለደም ግፊት ኤናላፕሪል ስለሚወስዱ ድንች፣ ባቄላና ሙዝ ይከልከሉ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ኩላሊታቸው ጤነኛ ከሆነ ከማዕዳቸው ምንም አትቀንሺባቸው። በእነዚህ ምግቦች በብዛት የሚገኘው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን የጨውን ጫና ስለሚያቃልል ግፊትን ለመቀነስ ያግዛል፤ ትርፉንም ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። የጾም ሽሮና የባቄላ ንፍሮ የሰሜን ሸዋ ሰው ጉልበት ነው፤ በፍርሃት ብቻ አይወሰድባቸው።

ችግሩ የሚመጣው ኩላሊት ሲደክም ነው። ኤናላፕሪል በሽንት የሚወጣውን ፖታሲየም ይቀንሳል፤ ስፓይሮኖላክቶን የተባለው ፖታሲየም የሚያስቀር የሽንት መድኃኒት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው ሌላ የሽንት መድኃኒት ግን በተቃራኒው ፖታሲየምን ያሳጣል። ስለዚህ «የግፊት መድኃኒት» ብሎ በጅምላ መምከር አይቻልም።

እኔን ከሙዝ ይልቅ የሚያሰጋኝ ሶዲየሙ ቀንሷል ተብሎ የሚሸጠው ምትክ ጨው ነው። ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት፤ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ እንዳይነኩት። ለጉልበት ሕመም ያለ ትእዛዝ የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትን ሊጎዱ፣ ፖታሲየምንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። አደራ፣ ቤት ውስጥ ካለ ደብቂው!

በሚቀጥለው ቀጠሯቸው የክሬአቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ) እና የፖታሲየም የደም ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ጠይቂ። ፖታሲየሙ ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ከሆነ ደህና ነው። ከፍ ካለ ድንቹን ልጦ፣ በትንንሹ ከትፎ፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል። ድንገት ጡንቻቸው ከዛለ ወይም የልብ ምታቸው ከተዛባ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጃቸው። መድኃኒቱንም በራሳቸው ውሳኔ እንዳያቋርጡ።