አምስት የሌሊት ወፍ ያለባት ጠርሙስ

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለንግድ ቻይና፣ ጓንጁ ሄዶ ሲመለስ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛትን ትንሽዬ ጠርሙስ አመጣልኝ። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ነጭ ብርጭቆ ናት፤ ላይዋ ላይ በቀይ ብርጭቆ አምስት የሌሊት ወፎች ተቀርጸዋል፣ አንዷ እንዲያውም ተዘቅዝቃለች። ክዳኗ ሥር ቀጭን ማንኪያ አላት። የሽቶ መስላኝ ነበር። አማቴ ግን ካዩዋት ጀምሮ «የሌሊት ወፍ ምን ደግ ነገር ያመጣል? አውጪልኝ!» እያሉ ነው። ምንድን ናት? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሱረት ናት። አዎ፣ ያው በአፍንጫ የሚሳበው ሱረት። አውሮፓውያን ሱረታቸውን በትንሽ ሳጥን ነበር የሚይዙት፤ ቻይናዎቹ ግን እንደ መድኃኒት ስላዩት፣ ለጉንፋንና ለራስ ምታት ይበጃል ስለሚሉም፣ እርጥበት እንዳያገኘው በመድኃኒት ጠርሙስ አምሳያ አደረጉት። በማንኪያዋ ትንሽ ይወጣል፣ አውራ ጣት ላይ ይደረጋል፣ ይሳባል። በቃ። እ.ኤ.አ. በ1696 ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ቤጂንግ ውስጥ የቤተ መንግሥት የብርጭቆ ሥራ ቤት ሲከፍት፣ ሥራውን የመራው ኪሊያን ሽቱምፍ የሚባል ጀርመናዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) ነበር።

አሁን ወደ ወፎቹ። ነገሩ ቅኔ ነው። በቻይንኛ የሌሊት ወፍም «ፉ»፣ በረከትም «ፉ»፤ አጻጻፋቸው ይለያያል፣ ሲጠሩ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ወፏ ኅብረ ቃል ሆነች ማለት ነው። አምስት ሲሆኑ አምስቱ በረከቶች ናቸው፦ ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ ደግነትን መውደድ፣ መጨረሻ ላይም በሰላም መሞት። ቀይ «ሆንግ» ይባላል፣ «ታላቅ» የሚል ቃልም እንደዚሁ «ሆንግ» ነው፤ ቀይ የሌሊት ወፍ ታላቅ በረከት። የተዘቀዘቀችዋ ደግሞ የቀራጩ ስህተት እንዳትመስልሽ! «ተገለበጠ»ም «ደረሰ»ም «ዳኦ» ስለሆኑ፣ እሷ የምትለው «በረከት ደረሰ» ነው። ይህን ለእማማ ንገሪያቸው፤ ካላመኑም ጠርሙሷን ወደ መኝታ ቤትሽ አሻግሪያት።

እኔን የምታስቀኝ ግን በሌሎች ጠርሙሶች ላይ ያለችው ፈረስ ላይ የተቀመጠች ጦጣ ናት። «ማ ሻንግ» ፈረስ ላይ ማለትም ነው፣ አሁኑኑ ማለትም ነው፤ «ሆው» ጦጣም ነው፣ የመኳንንት ማዕረግም ነው። ቶሎ ተሾም! ጠርሙሶቹ ለአለቃ የሚሰጡ የደጅ መጥኛ ስጦታዎች ስለነበሩ፣ ጦጣዋ ያለ ምክንያት ፈረስ ላይ አልወጣችም።

ስለ ዋጋ አልጠየቅሽም፣ ግን መጠየቅሽ አይቀርም። ታች የድሮው የቻይና ንጉሥ የቺየንሎንግ ስም ቢኖርባት አትደሰቺ፤ ትናንት የተሠራው ላይም ይጽፉታል። ይልቅ ጎኗን በጥፍርሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ። ከአፏ እስከ መቀመጫዋ የምትወርድ ስፌት መሳይ መስመር ካለች፣ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰች ናት። እውነተኛዎቹ ነጩ ብርጭቆ ላይ የቀለጠ ቀይ ብርጭቆ ይደረብባቸውና፣ ቀዩ በሚሽከረከር መሞረጃ እየተፋቀ ወፉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወፎቹ ከፍ ብለው፣ ጠርዛቸው ጥርት ብሎ ሊሰማሽ ይገባል።

ሙቅ ውኃ አታስነኪያት፣ ብርጭቆ ነው። የክዳኗ ቡሽ ከጠበቀም በኃይል አትጎትቺው፤ ማንኪያዋ ቀጭን ስለሆነች ቶሎ ትሰበራለች።