ሞተር ውስጥ ቡሶላ ለወደቀባችሁ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ መካኒክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ 10 ቁጥር ቡሶላ ሞተሩ ውስጥ ወደቀብኝ። ሞተሩን አስነስቼ ባናውጠው ይወርድልኛል?» አለኝ። ቡሶላ ያው መፍቻ እጀታ ላይ እየተሰካች ብሎን የምትፈታው ትንሽ ብረት ናት። «እንዳትነካው!» አልኩት። ልጁ ደነገጠ። እሱ ምን ያድርግ፤ የጮህኩት ሌላ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው።

ድሮ አብሮን የሚሠራ ረዳት ነበር። እጁ ወርቅ ነው። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ሲያስር መጀመሪያ በጣቱ ብቻ ነው የሚያዞረው። ጥርሱ በትክክል መያዙን ካላወቀ ቁልፍ አያነሳም። ይህን ማንም አላስተማረውም። ጋራዡ ግን አንድ ክፉ ሕግ ነበረው፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ከደሞዙ ይቆረጥበታል። አንድ ቀን ማምሻውን ዲናሞ ቀይሮ ሲጨርስ ቡሶላዋ ከእጁ አመለጠች። ቀጭ፣ ቀጭ አለችና ዝም። መሬት ስትመታ አልተሰማም። መሬት ካልደረሰች ደግሞ እዚያው ሞተሩ ላይ የሆነ ቦታ ተቀምጣለች ማለት ነው። በባትሪ እያበራ ፈለገ፣ አጣት። ቢናገር ደሞዙ ሊነካ ነው። ኮፈኑን ዘጋ። መኪናው ወጣ። ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ነው።

ለካ ቡሶላዋ ቺንጋው (በፑሊዎቹ፣ ማለትም በመዘውሮቹ ላይ የሚዞረው ቀበቶ) አጠገብ፣ ጠርዝ ላይ ነበር ያረፈችው። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ተንሸራታ በቺንጋውና በፑሊው መሀል ገባች። ቺንጋው ተተረተረ። በዚያ መኪና የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነበር። ሞተሩ ጋለ። ባለቤቱ ደግሞ «እንደምንም ቤቴ ልድረስ» ብሎ ነዳው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተጣመመ። ሲፈታ ቡሶላዋ ከሞተሩ ስር ካለው ከለላ ላይ ተገኘች፣ አንድ ጎኗ ተልጦ እያብረቀረቀ። ልጁ በዚያው ዕለት ተባረረ። ሕጉን ያወጣው ሰውዬ ምንም አልሆነም። ልጁ ሙያውን ጭራሽ ተወው ሲሉ ሰማሁ። ያ እጅ በአንዲት ቡሶላ ምክንያት መባከኑ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሞተር አይነሳም። የመኪናውን ቁልፍ ኪሳችሁ ክተቱ፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያስነሳው። ከባትሪው የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱ። አንዳንድ መኪና ላይ የራዲያተሩ ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ይነሳል፤ እጃችሁ እዚያ ውስጥ ሆኖ ቢነሳስ? በዚያ ላይ ፖዘቲቩንና ቦዲውን ብረት ካገናኛቸው የሚፈጠረው ብልጭታ ቀልድ አይደለም።

የዘንድሮ ልጆች ስልክ ታበዛላችሁ። ግማሹ ቪዲዮ እያየ ነው ብሎን የሚፈታው። ግን እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ስልክ እኛ ያልነበረን በረከት ነው። መብራቱን አብሩ፣ ቪዲዮ ቅረጹ፣ አንገታችሁ በማይገባበት ቀዳዳ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡት። ብቻ እሱንም እንዳትጥሉት።

ማግኔት ያለው ዘንግ ሁላችሁም አላችሁ። የሚያስቸግረው የማግኔቱ ጎን ነው፤ ሞተሩ ብረት ከሆነ በየግድግዳው ይለጠፍባችኋል። ጎኑን በፕላስተር ጠቅልሉትና ጫፉን ብቻ ክፍት ተዉት። አሉሚኒየምና ነሐስ ግን በማግኔት አይወጡም። ለእነሱ ጥፍር ያለውን ተጣጣፊ መያዣ ተጠቀሙ። በአየር ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ባሰ ቦታ ነው የሚያባርረው። ከላይ ካልታየ መኪናውን አንሱና የስሩን ከለላ ፍቱ። ብዙ ጊዜ እዚያ ተኝቶ ይገኛል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እንደማይገባ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም።

የካንዴላ ቀዳዳ ወይም የአየር ማስገቢያው ውስጥ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠመዘዘው) ከገባ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩን በእጅም አታዙሩት። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ በእሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት ትንሽ ነው፤ ዳዶ አያስተናግድም። ለዚህ ነው የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ያለበት። ጨርቁንም ቁጠሩት። ሞተር ላይ ተረስቶ ጭስ ማውጫው ሲግል የሚቃጠል ጨርቅ አይቻለሁ።

አውሮፕላን ጥገና ላይ የሚሠሩ ሰዎች መሣሪያቸውን በየቅርጹ በተቆረጠ ስፖንጅ ውስጥ ያስቀምጣሉ። አንዱ ጉድጓድ ባዶ ከሆነ በዓይን ይታያል፤ ዕቃው የት እንደገባ ሳይታወቅም አውሮፕላኑ አይለቀቅም። እኛ ሣጥን ውስጥ እየወረወርን «ነበረች» እንላለን።

ፈልጋችሁ ካጣችሁት ለአለቃችሁ ንገሩ። ቢጮህ ይጩህ። መኪናው አይወጣም። አለቃ የሆናችሁም ይህን ታነቡ ይሆናል፦ ለጠፋ ዕቃ ከደሞዝ መቁረጡን ተዉት፤ ልጆቹ ይደብቋችኋል። ይልቅ 10 ቁጥር ቡሶላ ትርፍ ገዝታችሁ አስቀምጡ። እሷ እንደሆነች በየትኛውም ጋራዥ መጥፋቷ አይቀርም።